ኅዳር ሲታጠን

ኅዳር 12 ቀን ማለዳ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ፣ ሽሮ ሜዳ አጠገብ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ እናት ክብሪት በእጃቸው ይዘው ክብሪት ይፈልጋሉ። ግቢው ከማታው ተጠርጓል። ደረቅ ቅጠል፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ የተቀደደ የጎማ ጫማ፣ የፌስታል ክምርና የጀሪካን ስባሪ በአንድነት ተጠራቅሞ ከበሩ ፊት ለፊት እሳት ይጠብቃል። በሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ያለ ክምር አለ፤ ከአንዳንዱም ጥቁር ጢስ እየተትጎለጎለ መውጣት ጀምሯል።

«ክብሪቱን ማን አነሣው?» ይላሉ እናት።

ከሁለት ቀን በፊት ከናይሮቢ የመጣችው ልጃቸው ጠጋ ብላ፣ ክብሪት የያዘውን እጃቸውን ከፍ አድርጋ ታሳያቸዋለች። እናት ይስቃሉ፤ ልጅም አብራ ትስቃለች። ሳቁ ግን አይረዝምም፤ በዚያ ማለዳ እንዲህ ሲሆን ሦስተኛ ጊዜ ነውና። ሳቁን ተከትሎ ያ የታወቀው ሳል ይመጣል። ከደረት ሥር ተነሥቶ ትከሻን የሚያናውጥ፣ ሲያልቅም ዓይንን እንባ ሞልቶ የሚተው ሳል ነው።

ልጅቱ የመጣችው ለበዓል አይደለም። ወንድሟ ደውሎ «እማዬ ደኅና አይደለችም፤ ማኅበሩንም ዕድሩንም ተወች፤ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ ትገባለች» ስላላት ነው። ስለ ሳሉ ግን አላነሣም። ሳሉ በዚያ ቤት ውስጥ እንደ አሮጌ ሣጥን ከመቆየቱ የተነሣ ልብ የሚለው ሰው አልነበረም።

*

«ኅዳር ሲታጠን» የሚለውን ልማድ የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ ጥቂት ነው። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1918 መጨረሻ፣ ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባን መታ። ሕዝቡም ስሙን ከወሩ ወስዶ «የኅዳር በሽታ» አለው። በከተማይቱ ብቻ የሞተው ሰው ቍጥር ወደ 10 ሺህ እንደሚጠጋ ይገመታል። ያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን ሳይቀሩ በበሽታው ተይዘው ከሞት አፋፍ ተመልሰዋል። ሐኪም ጥቂት፣ መድኃኒት ፈጽሞ የለም፤ ቀባሪም ጠፋ። በቅዱስ ሚካኤል ዕለት ቤቱንና ደጁን ጠርጎ፣ ጥራጊውን አቃጥሎ ሰፈሩን ማጠን ከዚያ ዘመን ጋር ተያይዞ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ልማድ ነው።

በዚያን ዘመን ጢስ መድኃኒት ነበር። በሽታ በክፉ ሽታና በተበከለ አየር ይመጣል የሚለው እምነት በአውሮፓም ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረ ነው። የሰውን ኢንፍሉዌንዛ የሚያመጣው ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው በ1933 እ.ኤ.አ.፣ ወረርሽኙ ካለፈ ከ15 ዓመት በኋላ ነበር። ጢሱ ቫይረሱን እንዳልገደለ ዛሬ ይታወቃል። መጥረጉ ግን ትክክል ነበር፤ ጽዳት ከብዙ ሌላ በሽታ ይጠብቃል። እንግዲህ ልማዱ ሁለት ወገን አለው። አንዱ መጥረግ፣ ሁለተኛው ማቃጠል ነው።

ከ1911 ዓ.ም. ወዲህ የተለወጠው ክምሩ ነው። የጥንቱ ጥራጊ ቅጠል፣ ገለባና ጉድፍ ነበር። የዛሬው ፌስታል፣ ጎማ፣ የባትሪ ድንጋይና ቀለም የተቀባ እንጨት ይዟል። ፕላስቲክ በግቢ እሳት ሲነድ፣ ዳዮክሲን የሚባለውን ጨምሮ በሰውነት ውስጥ ለዓመታት የሚቆይ መርዝ ያወጣል። ከናይሮቢ የመጣችው ልጅ ይህን ያወቀችው ከምትኖርበት ከተማ ነው። በዳንዶራ የቆሻሻ መጣያ፣ ጥራጊ ሲጨስ በሚውልበት አካባቢ፣ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት 328 ልጆች ተመርምረው ነበር፤ ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ በደማቸው ውስጥ በዚያን ጊዜ ከተፈቀደው መጠን ጋር የሚስተካከል ወይም የሚበልጥ እርሳስ ተገኝቶባቸዋል።

ይሁንና ለእናቷ «ተዪው፣ አታቃጥዪው» ማለት ለእርሷ ቀላል አልሆነላትም።

*

ጢስ በሐበሻ ቤት እንደ ጠላት ታይቶ አያውቅም። ጢስ የማይወጣበት ቤት ሰው የሌለበት ቤት ነው። መንገደኛ ከሩቅ ጢስ ሲያይ ልቡ ይረጋል፤ እዚያ እሳት፣ እዚያ እህል፣ እዚያ ሰው አለ ማለት ነውና። የጠላው ጋንና የወተቱ ቅል በወይራ ይታጠናል። ቡና ያለ ዕጣን አይፈላም። አራስ ወይባ ትሞቃለች። በቤተ ክርስቲያን ጸሎት ከዕጣን ጋር ያርጋል። «ሰው መላ፣ ጢስ መውጫ አያጣም» የሚለው ተረትም ጢስን የብልኅነት ምሳሌ ያደርገዋል።

ተረቱ እውነት ነው። ጢስ መውጫ አያጣም። የሣር ጣሪያ በነበረበት ዘመን በሣሩ መካከል እየሾለከ ይወጣ ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ምርጊት፣ በሩም አንድ ብቻ በሆነበት የከተማ ማድ ቤት ግን ጢስ መጀመሪያ የሚያገኘው መውጫ ከእሳቱ አጠገብ የተቀመጠችውን ሴት አፍንጫና ደረት ነው።

የዚህች ልጅ እናት በእንዲህ ያለ ማድ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት እንጀራ ጋግረው ሸጠዋል። ባላቸው ሲሞቱ ሦስት ልጆች በእጃቸው ቀሩ። ከእንጀራ ሌላ የሚያውቁት ሙያ አልነበረም፤ ከእንጨት ሌላ የሚገዙት ማገዶም አልነበረም። እንጨቱ የሚመጣው ከእንጦጦ ነው። ዐፄ ምኒልክ ከተማቸውን በቆረቆሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያው የነበረው ደን እየተመናመነ ስለሄደ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ባሕር ዛፍ ከውጭ አገር መጥቶ ተተከለ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ትውልድ ሴቶች ከቁመታቸው የሚረዝም ሸክም በጀርባቸው አዝለው፣ ጎብጠው፣ ያን ተራራ ሲወርዱ ኖረዋል። ከእነዚህ ሴቶች ጭራሮና ቅጠል የሚገዙት የእንጀራ ጋጋሪዋ እናት በጎሕ ተነሥተው ጉልቻው ሥር ይማግዳሉ። ምጣዱ እስኪግል እፍ ይላሉ። በማሰሻ ያስሳሉ፣ ሊጡን ያዞራሉ፣ አክንባሎውን ይከድናሉ፤ መልሰው እፍ ይላሉ። እርጥብ ቅጠል የገባበት ቀን ማድ ቤቱ ውስጥ እጅ አይታይም። የመጨረሻዋ ልጅ በአንቀልባ ከጀርባቸው ላይ ነበረች። እናት የተነፈሱትን እርሷም ተነፍሳለች።

ልጅቱ ትምህርት ቤት ስትገባ ልብሷ ጢስ ጢስ ይል ነበር። አብረዋት የሚቀመጡት ልጆች አፍንጫቸውን ይይዙ ነበር። አንድ ቀን አልቅሳ ስትመለስ እናቷ ምክንያቱን ጠየቋት፤ እርሷም ነገረቻቸው። ከዚያ ዕለት ጀምሮ የትምህርት ቤት ልብሷ በፌስታል ተጠቅልሎ ጎረቤት ቤት እንዲያድር ተደረገ። የእናትየው ነጠላ ግን እዚያው ማድ ቤቱ በር ላይ እንደተሰቀለ ቀረ። ልብሱን ከጢስ ማዳን ተችሏል፤ ለባሿን እናት ግን ማንም አላሰበም፤ እሳቸው ራሳቸውም አላሰቡም። ደብተሩም፣ ጫማውም፣ በኋላም ወደ ናይሮቢ የወሰዳት የአውቶቡስ ትኬት የተገዛው በዚያ ጢስ ነው። ስለዚህ ጢሱን መክሰስ ለእርሷ ያሳደጋትን እጅ መክሰስ ይመስላታል።

*

ጢስ ዓይን የሚያስለቅስ እንፋሎት ብቻ አይደለም። በውስጡ ለዓይን የማይታይ ብናኝ አለ። ሐኪሞች ከሁሉ የሚፈሩት ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጠውን ነው። የአንድ ጠጕር ውፍረት የዚህን ሠላሳ እጥፍ ያህል ይሆናል። ትልቁን ብናኝ አፍንጫና ጉሮሮ ይይዙታል፤ ሰውም በንፍጥና በአክታ ያስወጣዋል። ትንሹ ግን እስከ ሳንባ መጨረሻ፣ አየርና ደም እስከሚገናኙባቸው ረቂቅ ከረጢቶች ድረስ ይወርዳል፤ ከእርሱም የደቀቀው ወደ ደም ይገባል። ሰውነት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይዋጋዋል። ይህ ውጊያ በየቀኑ ለዓመታት ሲቀጥል የአየር ቧንቧዎች ይቆጣሉ፣ ይጠባሉ፤ የደም ሥሮችም ይደድራሉ። ስለዚህ ከጢስ የሚመጣው ጉዳት ሳል ብቻ አይደለም። የልብ ሕመም፣ በአንጎል የደም ሥር መዘጋት ወይም መፍሰስ የሚመጣ ሽባነት፣ የሳንባ ካንሰር፣ የዓይን ሞራ፣ የሕፃናት የሳንባ ምች፣ ክብደቱ አንሶ የሚወለድ ልጅ፣ እነዚህ ሁሉ ከዚያ ምንጭ ይቀዳሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ በቤት ውስጥ በሚነድ ማገዶ ጢስ የተነሣ በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ237 ሺህ የሚበልጡት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። የውጭው አየር ብክለት ሲጨመርበት የሟቹ ቍጥር በዓመት ወደ 7 ሚሊዮን ይደርሳል። አየር በማይገባበት ማድ ቤት ውስጥ የብናኙ መጠን ሊታገሡት ከሚገባው መቶ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። በኢትዮጵያ ከአሥር ቤት ዘጠኙ ያህል ዛሬም ምግቡን የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ነው።

ከማድ ቤት ሲወጡም ዕረፍት የለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በተራሮች ተከባ ተቀምጣለች። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ የመኪና ሞተር ነዳጁን አሟጦ ለማቃጠል ይቸገራል። በበጋ ሌሊት ደግሞ ቀዝቃዛው አየር ከተራሮቹ ወርዶ በሜዳው ላይ ይተኛል፤ የማገዶውንና የናፍጣውን ጢስ እንደ አክንባሎ ከድኖት ያድራል። ጠዋት ከእንጦጦ ላይ ወደ ታች የሚመለከት ሰው የሚያየው ያ ግራጫ መጋረጃ ጉም ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ኤምባሲ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በከተማይቱ ባቆማቸው መለኪያዎች የተመዘገበው የብናኝ መጠን፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ካወጣው የዓመት ወሰን ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነበር። ያም መረጃ ለሕዝብ መሰጠቱ በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ተቋርጧል። መለኪያው ቢዘጋም ሰው መተንፈሱን አያቋርጥም።

*

ልጅቱ በመጣች ማግስት እናቷን ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰደቻቸው። ወጣቱ ሐኪም ትሑት ነበር።

«እናቴ፣ ሲጋራ አጭሰው ያውቃሉ?»

«እኔ? ምን በወጣኝ!» አሉ እናት፣ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው እየሳቡ።

ሐኪሙ «አያጨሱም» ብሎ ጻፈ። ወደ ሚቀጥለው ጥያቄ ሊያልፍ ሲል ልጅቱ አቋረጠችው። «ዶክተር፣ ሲጋራ አላጨሱም፤ ግን ሠላሳ ዓመት በእንጨት እንጀራ ጋግረዋል» አለችው። ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። ማድ ቤቱ መስኮት ነበረው? በቀን ስንት ሰዓት? ከስንት ዓመታቸው ጀምሮ? አየር ወደ ቱቦ እንዲነፉም አደረገ። የወጣው ውጤት ለብዙ ዘመን ሲጋራ ያጨሰ ሰው ውጤት ይመስል ነበር። የአየር ቧንቧቸው ጠብቧል፤ የጠበበውም እንደ ቀድሞው ሊሰፋ አይችልም። በሚነፋ መድኃኒት ማስታገስ ይቻላል፤ ከሁሉ በፊት ግን ከጢስ መራቅ ያስፈልጋል።

ይህ «አያጨሱም» የሚል ቃል በስንት ሴቶች ካርድ ላይ ተጽፎ ይሆን? በሽታቸው ስም ሳይኖረው፣ «ብርድ መታኝ» እያሉ ያለፉት በዚህ ቃል ተሸፍነዋል። ነገሩ የድኻ አገር ብቻ አይደለም። በታኅሣሥ 1952 እ.ኤ.አ. ለንደን ከተማን ለአምስት ቀን የከሰል ጢስ ከጉም ጋር ተቀላቅሎ ሸፍኗት ነበር። በመጀመሪያ የተቆጠረው ሟች 4 ሺህ ያህል ነበር፤ በኋላ የተደረገው ምርምር እስከ 12 ሺህ ሊደርስ እንደሚችል አሳየ። የንጹሕ አየር ሕግም በ1956 እ.ኤ.አ. ወጣ። በዚያችው ከተማ፣ በተጨናነቀ መንገድ አጠገብ ትኖር የነበረች ኤላ አዱ ኪሲ-ዴብራህ የተባለች የዘጠኝ ዓመት ልጅ በ2013 እ.ኤ.አ. በአስም ሞተች። እናቷ ለሰባት ዓመት ያህል ተከራክረው፣ በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. የአየር ብክለት ለሞቷ አስተዋጽኦ እንዳደረገ በሞት መርማሪ ዳኛ ውሳኔ እንዲጻፍ አደረጉ። በብሪታንያ ታሪክ እንዲህ ሲጻፍ የመጀመሪያው ነበር። እናት የታገሉት የሞተችውን ለማስመለስ አይደለም። የገደላት ነገር በስሙ እንዲጠራ ነው።

*

ልጅቱ ሐኪሙን አንድ ሌላ ነገርም ጠይቃው ነበር። ስለ መርሳቱ፣ ስለ ዝምታው፣ ቀድሞ በሣቅና በጨዋታ የሚታወቁት እናት ሰው ሲመጣ ወደ ጓዳ ስለ መግባታቸው። ጎረቤት «እርጅና ነው» ይላል፤ ሌላው «ጠበል ይግቡ» ይላል። ሐኪሙ ተጠንቅቆ መለሰ። በአንድ ሰው ላይ የደረሰውን መርሳት ጢስ አመጣው ብሎ መናገር አይቻልም፤ ዕድሜም፣ የደም ግፊትም፣ ኀዘንም ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ጢስ ከሳንባ አያልፍም የሚለው የቀድሞ አስተሳሰብ ዛሬ እንደማይሠራ ነገራት።

እውነትም አይሠራም። በሜክሲኮ ሲቲ፣ ሊሊያን ካልደሮን ጋርሲዱዌኛስ የተባሉ ሐኪምና ተመራማሪ በከተማይቱ የኖሩ ውሾችን አንጎል ንጹሕ አየር ካለበት ሥፍራ ከመጡት ጋር አስተያይተው፣ በ2002 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናታቸው የከተማዎቹ ውሾች አንጎል እንደ ተቆጣ፣ በአረጋውያን የመርሳት በሽታ ላይ የሚታየውን የመሰለ ምልክትም እንዳለበት ጻፉ። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከሜክሲኮ ሲቲና ከማንቸስተር በሞቱ ሰዎች አንጎል ውስጥ፣ ከእሳት የሚወጣ የሚመስል እጅግ ደቃቅ የብረት ቅንጣት ተገኘ። ብናኙ በደም በኩል ብቻ ሳይሆን በሽታ ነርቭ በኩልም ወደ አንጎል ሊደርስ እንደሚችል ይታሰባል። በቻይና በ2010 እና በ2014 እ.ኤ.አ. የተፈተኑ ሰዎች ውጤት ከሚኖሩበት አየር ጋር ሲመዘን፣ በተበከለ አየር የቆዩት የቃላት ፈተና ውጤታቸው ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ ጉዳቱም በአረጋውያንና ብዙ ባልተማሩ ወንዶች ላይ በርትቶ ታየ። ከ16 አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶችን መርምሮ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ሥራ ለረዥም ጊዜ በብናኝ ውስጥ መኖርንና ድባቴን አያይዟል። በ2020 እ.ኤ.አ. «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ሥር የተሰበሰቡ ሊቃውንት የአየር ብክለትን የመርሳት በሽታን ከሚያባብሱ፣ ሰው ግን ሊለውጣቸው ከሚችሉ ምክንያቶች መካከል ቆጠሩት።

ከእነዚህ ጥናቶች አብዛኞቹ የመንገድን አየር እንጂ የማድ ቤትን ጢስ የተመለከቱ አይደሉም። ሆኖም ማድ ቤቱ ከመንገዱ የሚከፋ እንጂ የሚሻል አይደለም።

ከዚህ ሌላ ደግሞ መሣሪያ የማይለካው መንገድ አለ። እስትንፋስ ሲያጥር ዳገት ይፈራል፤ ዳገት ሲፈራ ቤተ ክርስቲያን ይቀራል፤ ማኅበር ይቀራል፤ ቀብር ይቀራል። ሰው ፊት ሳሉ ሲነሣ ያሳፍራል፤ ስለዚህ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ መግባት ይመጣል። ሌሊት ሳል እንቅልፍ ይነሣል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ይረሳል፣ ይከፋዋል። ወንድሟ በስልክ «ሰው ሸሸች» ያለው ነገር ምናልባት እናቱ እስትንፋሳቸውን ሲቆጥቡ ያየው ይሆናል።

*

እናት እንጀራ መሸጥ ካቆሙ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። ማድ ቤቱ ግን አልተዘጋም። ለቤቱ የሚሆነውን እንጀራ በሳምንት ሁለት ጊዜ የምትጋግረው ከገጠር የመጣች የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት። ከናይሮቢ የመጣችው ልጅ ከክሊኒክ በተመለሱበት ዕለት ማድ ቤት ገብታ ያየችው የገዛ ልጅነቷን ነው። ያው ጉልቻ፣ ያው ጥላሸት የለበሰ ቆርቆሮ፣ ዓይኗ ቀልቶ እፍ የምትል ሴት።

«የኤሌክትሪክ ምጣድ ልግዛልሽ፣ እማዬ።»

«መብራት ሲጠፋ ሊጡ ይኮመጥጣል፤ ዓይኑም እንደ እንጨቱ አይወጣለትም» አሉ እናት። ስለ እንጀራ ሲሆን ምንም አይረሱም።

የእናት መልስ ግትርነት ብቻ አይደለም። የመብራት መቆራረጥ እውነት ነው፤ የምጣዱም ዋጋ ለብዙ ቤት ከባድ ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. ተመርቋል፤ ከግድብ እስከ ጉልቻ ያለው መንገድ ግን ገና ረዥም ነው። መብራት አምፖል ላይ ስለ ደረሰ ምጣድ ላይ ደርሷል ማለት አይደለም። ኤሌክትሪክ ለሌለው ከሲሚንቶ የሚሠራው የተከደነ የእንጀራ ምድጃ አለ፤ ከጉልቻ ይልቅ ማገዶ ይቆጥባል። ከሰል ለሚጠቀም «ላቀች» የተባለው አለ፤ ኬንያውያንም የሸክላ ጂኳቸውን ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምረው አስፋፍተዋል። ጢስ ማውጫ ጭስ ቤት፣ ሁለተኛ መስኮት፣ የደረቀ እንጨት፣ ሕፃንን ከማድ ቤት ማራቅ፣ እነዚህ በአነስተኛ ገንዘብ ወይም ያለ ገንዘብ የሚሆኑ ናቸው። ከሰል ግን በተዘጋ ክፍል አብሮ ሊያድር አይገባም፤ ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውምና።

የማይለወጥ የሚመስል ነገር እንደሚለወጥ ምስክር አለ። በልጆች አንጎል ላይ ጉዳት የሚያደርሰው እርሳስ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ በአፍሪካ መንገዶች ሁሉ ይነድ ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. በዳካር የተሰበሰቡ አገሮች ይቁም ብለው ተስማሙ፤ በ2006 እ.ኤ.አ. መግቢያ ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ ተሰናበተው፤ በ2021 እ.ኤ.አ. አልጄሪያ ስታቆም ከዓለም ማደያዎች ጠፋ። ኢትዮጵያም በ2024 እ.ኤ.አ. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። ስለ መንገዱ ይህን ያህል ከታሰበ ስለ ማድ ቤቱም ማሰብ ይቻላል።

በዚያው ዕለት፣ በኅዳር 11 ምሽት፣ ከማድ ቤት ሳል ተሰማ። እናት አልነበሩም፤ እሳቸው ከልጃቸው አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ጆሯቸውን አቅንተው ጥቂት አዳመጡ።

«ይህች ልጅ ሳለች» አሉ። «ይህን ሳል አውቀዋለሁ። ከእሳቱ አንሺያት።»

ምጣዱ እንዲገዛ የተወሰነው በዚህ ቃል ነው። ለራሳቸው ሲባል እምቢ ያሉት እናት ለሰው ልጅ ሲሆን እሺ አሉ።

*

እንግዲህ የኅዳር 12 ማለዳ ነው፤ ክብሪቱ ከእናት እጅ ላይ ተገኝቷል። ልጅ «አታቃጥዪ» አላለችም። «እስኪ መጀመሪያ እንለየው» አለች። ፌስታሉና ጎማው፣ የጀሪካኑ ስባሪና ባትሪው በማዳበሪያ ከረጢት ገባ፤ ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ይወስዱታል። ቅጠሉና ቆረቆንዳው ከጓሮው ጉድጓድ ተጥሎ አፈር ለበሰ፤ ለጎመኑ ይሆናል። ከበሩ ፊት ለፊት ክምሩ የነበረበት ሥፍራ ባዶ ሆነ።

እናት ባዶውን መሬት አዩ። «አልታጠነም እኮ» አሉ።

«ጠርገናል፣ እማዬ።»

ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም ከጓዳ ማጨሻቸውን አውጥተው፣ በግቢው መካከል በአንዲት ፍም ላይ ቍንጥር ዕጣን ጣሉበት። ቀጭን ነጭ ጢስ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ከላይ ምንም ስላልከደነው ወዲያው ጠፋ። በዚህ ላይ ልጅቱ አልተናገረችም። ጢሱን ከሰው ደረት አርቆ በሰፊው አየር ውስጥ መልቀቅ ራሱ መውጫ መስጠት ነው።

ከጎረቤት አጥር ማዶ ግን ጎማ የሚነድድ ሽታ መጣ፤ ጢስ አጥር አያውቅምና። ልጅቱ እናቷን ደግፋ ወደ ቤት አስገባቻቸው፤ መስኮቱን ዘጋች። ሠራተኛዋ ልጅ ጉልቻውን ከማድ ቤት አውጥታ ግድግዳ ሥር ደረደረችው።

እኩለ ቀን ላይ እናት ከአልጋቸው ቀና ብለው ጠየቁ። «ዘንድሮ አልታጠነም እንዴ?»

«ጠርገናል፣ እማዬ» አለች ልጅ።

ወደ ማታ ደግመው ጠየቁ። ልጅም እንደ መጀመሪያው ጊዜ፣ በዚያው ድምፅ፣ መለሰችላቸው።